አማካሪው የጻፈልንን ዕቅድ ምን ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ የሚገኝ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት አስተባባሪ ነኝ። የምንሠራው የበግ ጠጉር ፈትለው ባና (የጠጉር ብርድ ልብስ) ከሚያሠሩ የመንዝ ሴቶች ጋር ነው።

ገንዘብ የሚሰጠን ለጋሽ ድርጅት የአምስት ዓመት ስልታዊ ዕቅድ ካላቀረብን ውሉን እንደማያድስ ስለነገረን ከአዲስ አበባ አማካሪ ቀጠርን። ሰውየው ትጉህ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ያመጣው ሰነድ ግን የወረዳው ስም ቢቀየር ለየትኛውም አገር ይሆናል። ሴቶቹን የሚያስጨንቃቸው ጠጉሩን በገበያ ቀን በርካሽ የሚሰበስበው ነጋዴና የባናን ቦታ የያዘው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው። ሰነዱ ስለ «ለውጥ ንድፈ ሐሳብ»፣ ማለትም ሥራው እንዴት ለውጥ እንደሚያመጣ፣ ገጽ በገጽ ያትታል፤ ስለ ጠጉር ዋጋ አንድ መስመር የለውም። የቦርዳችን ሰብሳቢ፣ ብዙ ያዩ አዛውንት፣ አንብበው ሲጨርሱ «ይህ ስለ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አማካሪው እንዲያሻሽለው ስጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ውላችን «ተቀባይነት ያለው ሰነድ» ይላል እንጂ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አይገልጽም። የመጨረሻውን ክፍያ እስኪያስተካክል ብይዝ ያስከስሰኛል? የለጋሹ ቀነ ገደብም እየቀረበ ነው።

ሌላም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሒሳብ ሠራተኛችን የአማካሪውን ክፍያ እዚያ ውስጥ ልትመዘግበው ነው፤ እኔ ደግሞ የፕሮጀክት ወጪ ይመስለኛል። በኦዲት ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ፣ ሴቶቹ ዘንድ ተቀምጦ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ አማካሪ የምታውቁም ብትጠቁሙኝ እጅግ አመሰግናለሁ።