ከኮረም ወደ ፓዊ የተወሰደች አክስት፤ የደወለው ልጇ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

የሲያትሏ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። አባቴ የላስታ ሰው ነው። በ77ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ ገብተው ሳለ ታላቅ እህቱን ከነባሏ ለሰፈራ ወሰዷት። መተከል፣ ፓዊ ነው የተባለው። ከዚያ ወዲህ ድምጿን ሰምቶ አያውቅም። እሱ በሱዳን አድርጎ እዚህ አሜሪካ ገባ፣ ዜግነትም አገኘ፣ አሁን ሰማንያን አልፏል። ሰሞኑን አንድ ሰው ከቻግኒ ደወለ። «የእህትህ ልጅ ነኝ፣ በ2013 ከመተከል ተፈናቅለን ነው የመጣነው፣ እናቴ ታማለች፣ ለሕክምና 150 ሺህ ብር ያስፈልጋል» ይላል። የአያቴን ስም ያውቃል፣ የቀበሌውንም ስም ያውቃል። አባቴ በዚያው ሌሊት ካልላክሁ ብሎ ነበር፣ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው እስካሁን አኩርፎኛል። የዲኤንኤ መመርመሪያ ኪት ገዝቼ በሰው እጅ ልልክለት አስቤያለሁ። ያደረገው አለ? እንዴትስ ይላካል?

አባ መዝገብ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። እነዚህ በፖስታ የሚመጡ ምርመራዎች ምራቅሽን ከተመዘገበ ሰው ጋር ነው የሚያስተያዩት። ከእኛ አገር የተመረመረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ፓዊ ያለች ባልቴት እዚያ ውስጥ አትገኝም። «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል ካርታ ቀለም ቀብቶ ይልክልሻል፣ እሱን ደግሞ ሳትከፍዪም ታውቂዋለሽ። ሰውየው ምራቁን ከሰጠ ግን ሌላ ነገር ነው። አባትሽና እህቱ የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆኑ ግማሽ ያህል ይጋራሉ፣ አባትሽና የእህቱ ልጅ ሩብ ያህል፣ አንቺና እሱ ደግሞ ከስምንት እጅ አንዱን። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው አባትሽ ናቸው። በሰማንያ ዓመት ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ነገ አክስትሽን ወደ አሜሪካ ላምጣት ብለሽ ከሆነ፣ አንቺ ለአክስትሽ ማመልከት አትችዪም፤ ሕጉ አክስትን አያውቅም። አባትሽ ዜጋ ስለሆኑ አይ-130 በሚባለው የዘመድ ማመልከቻ ቅጽ ለእህታቸው ማመልከት ይችላሉ፣ ነገር ግን የወንድምና እህት ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። የልደት ወረቀት የላትም፤ ወሳኝ ኩነት እንኳ በአዋጅ 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ ዲኤንኤ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ያ ግን የግድ ኤኤቢቢ በሚባለው ማኅበር እውቅና ባለው ላብራቶሪ መሠራት አለበት፣ የእሷም ናሙና የሚወሰደው በኤምባሲው በኩል ነው። ሱቅ የገዛሽው ኪት ለቪዛ ዋጋ የለውም።

የደሴ ልጅ፦
አብሽሪ እህታለም! ጋሼ ትምህርት ቤት ከፈቱብሽ። ወደ ነገሩ ልግባ፦ የአያት ስም ማወቁ ምንም ማለት አይደለም። በሰፈራ መንደር ጎረቤት የጎረቤቱን ሰባት ትውልድ ያውቃል፣ ማታ ማታ ሌላ ምን ወሬ ነበራቸው? ውጭ የማይወጣውን ጠይቂው። እናትህ አባቴን በቤት ስም ማን ብላ ትጠራው ነበር? በልጅነቱ የሞተ ወንድም ነበራቸው ወይ? ከሁሉ በፊት ግን እናቱን ለምን ስልክ ላይ አያቀርብም?

የሲያትሏ፦
ጠይቄዋለሁ። «ጆሮዋ አይሰማም» አለኝ።

የደሴ ልጅ፦
ኧረ ቪዲዮ ይክፈታ! ፊቷን አባትሽ ይዩት።

ከጅዳ፦
እኔ የፓዊ ልጅ ነኝ፣ እዚያው ተወልጄ ነው ያደግሁ። እናትና አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እህቴ፣ እንደ ፓዊ ለፍለጋ የሚቀል አገር የለም፤ መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው። «መንደር ስንት ነበራችሁ?» በዪው። ቁጥሩን ካመነታ ውሸቱን ነው፤ ሰፋሪ የመንደሩን ቁጥር ከስሙ አስቀድሞ ነው የሚያውቀው። ቁጥሩን ከነገረሽ ደግሞ ጎረቤቶቹ እነማን እንደነበሩ ጠይቂው። ፓዊ የወሎ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሰሜን ሸዋ የመጣ አለ፣ ከምባታና ሀዲያ አለ። እኛ ቤት አጠገብ ከምባቶች ነበሩ፣ እናቴ ቋንቋቸውን ለምዳ ቡና ላይ ትቀልድበት ነበር። ያንን የኖረበት ሰው ሳያስብ ይነግርሻል።

ሌላው የእድር መዝገብ ነው። አክስትሽ በሕይወት ካለች በስሟ ወይም በባሏ ስም እድር ውስጥ አለች። የፓዊ ከተማ አልሙ ውስጥ የምታውቂው ሰው ካለሽ የመንደሩን እድር ዳኛ ፈልጎ ስሙን ያስነብበዋል። የተፈናቀሉትም ቢሆኑ ቻግኒ ራንች መጠለያ ሳሉ በየመንደራቸው ነበር የሚጠራሩት። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ብዙ ሰው በ83 ደርግ ሲወድቅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወሎ ተመልሷል። አክስትሽም ተመልሳ ላስታ ውስጥ ሌላ ቀበሌ እየኖረች ሊሆን ይችላል፣ አባትሽ በሌሉበት አገር።

የሲያትሏ፦
አላህ ይስጥልኝ እህቴ፣ ወይም እግዚአብሔር፣ የትኛውም ይሁን 😊 ቁጥሩን ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ። ኪቱን ግን ሰው ሻንጣ ውስጥ ይዞ ቢሄድ ችግር አለው?

በረዶ ሰለቸኝ (ሚኒያፖሊስ)፦
ሁላችሁም ስለ ምራቅ ታወራላችሁ፣ እኔን የገረመኝ 150 ሺህ ነው። የብሩ ምንዛሬ ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዘመድ ሁሉ ሒሳቡን በዶላር ነው የሚሠራው። «ላንቺ ምንም አይደለም» ይሉሻል። ለእኔ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሌሊት መጋዘን ቆሜ፣ ጠዋት ልጅ አድርሼ፣ ቅዳሜ ኡበር ነድቼ ነው የምልከው። የሞተች እናቴን ሦስት ሰው «አሳክሜ ነበር» ብሎ ገንዘብ ጠይቆብኛል። ዘር መቁጠር ደግ ነው፣ ግን የተገኘ ዘመድ ሁሉ የወር ደመወዝ ይፈልጋል። ካገኘሻት በኋላ ምን ልታደርጊ እንደሆነ አሁኑኑ ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

የደሴ ልጅ፦
ወንድሜ፣ አርባ ዓመት እህቱን ያላየ ሰው ነው እኮ! አንተ ደግሞ ደረሰኝ ትጠይቃለህ።

በረዶ ሰለቸኝ፦
ደረሰኝስ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? የሐኪም ቤቱን ካርድ ፎቶ አንስቶ ይላክ፣ ገንዘቡም ለሐኪም ቤቱ ይከፈል። እውነተኛ ከሆነ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

አባ መዝገብ፦
ይህ ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ወረቀት ስትፈልጉ «ወረዳ» እያላችሁ አትድከሙ፤ ያኔ ላስታ አውራጃ ነበር፣ ፓዊም በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ ሥር ነው የተጻፈው። ዛሬ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። የሰፋሪ ዝርዝር የሚይዘው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፤ እኔም በወጣትነቴ እዚያ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ዝርዝሩ በእጅ ነበር የሚጻፈው፣ ስም እንደተሰማ። የቀይ መስቀል ማኅበር ደግሞ የጠፋ ቤተሰብ ማፈላለጊያ አገልግሎት አለው፣ እዚህ አሜሪካም ማመልከት ይቻላል፣ ገንዘብ አይከፈልበትም። ደርግ ብዙ ሊባልበት ይችላል፣ ነገር ግን ያንን ሁሉ ሕዝብ በዚያ ረሃብ ላይ ወደ ለም መሬት ማጓጓዝ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ከጅዳ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ማጓጓዝ» የሚሉት አባቴን ገበያ ላይ አፍሰው ነው የወሰዱት። በሬ ሊሸጥ ወጥቶ ነበር። እናቴ ለሳምንታት ሞቷል ብላ አልቅሳለች፣ ኋላ በተራዋ መጥታ ነው ያገኘችው።

አባ መዝገብ፦
ልጄ፣ ጥፋት አልነበረም አላልኩም። ግን እኔ ያየሁት ሰው በፈቃዱ ሲመዘገብ ነው። ኮረም ላይ በየቀኑ ስንት ሰው ይቀበር እንደነበር የምታውቁት በወሬ ነው። ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው የተነሣው፤ ያ ሕዝብ እዚያው ቢቆይ ምን ይበላ ነበር?

የደሴ ልጅ፦
እህሉን ወደ ሰው ማምጣት ነበራ! በ78 እኮ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባሉትን ፈረንሣዮች «ሰፈራው ሰው እየገደለ ነው» ስላሉ ከአገር አባረዋቸዋል። በፈቃድ ከሆነ ለምን ተባረሩ?

አባ መዝገብ፦
ፈረንሣይ ተናግሮ እውነት ሆነ ማለት ነው? ፓዊ ላይ ጣሊያኖች ሆስፒታል ሠርተዋል፣ በትራክተር ያረሱት መሬት አለ። ባዶ ጫካ አልተወረወሩም።

ከጅዳ፦
ሆስፒታሉን አውቀዋለሁ፣ እዚያ ነው የተወለድኩት። ትራክተሩ ግን ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ቆመ። በሬ ገዝተው ሊያርሱ ሲሉ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ጨረሰባቸው፣ ሰዉን ደግሞ ወባ። ባዶ ጫካ ያሉትም ባዶ አልነበረም ጋሼ። ጉሙዞች ነበሩበት፣ መሬታቸው ነው ማንም ሳይጠይቃቸው የተሸነሸነው። ያኔ ያልተጠየቀው ነገር ነው በ2012 እና በ2013 በእኛም በእነሱም ላይ የወጣው። አጎቴ የተገደለው እዚያ ነው፣ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም።

በረዶ ሰለቸኝ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ተዉት ይህን ክርክር።

አባ መዝገብ፦
እኔም ነፍስ ይማር እላለሁ። ነገር ግን የሠራነውን ሥራ ሁሉ ወንጀል ማድረግ ልክ አይደለም። የዳነም አለ።

የደሴ ልጅ፦
የዳነው ይናገርልዎት እንጂ እርስዎ አይናገሩለት!

የሲያትሏ፦
እባካችሁ! ቁጥሩን ጠየቅሁት። ወዲያው ነገረኝ፣ ጎረቤቶቻችን ሀዲያ ነበሩ አለ። ቪዲዮውን ግን «ኔትወርክ የለም» አለኝ። እህቴ ከጅዳ፣ የመንደሩን ቁጥር በውስጥ ልልክልሽ?

ከጅዳ፦
ላኪልኝ፣ እዚህ ግን እንዳትጽፊው። እናቴ የዚያ መንደር እድር ውስጥ የምታውቃቸው ሴትዮ አሉ፣ ዓርብ ስደውልላት አስጠይቃለሁ።

ጋምቤላ አቦቦ፦
ስለ ጋምቤላ ሰፈራ የሚያውቅ አለ? እኛም ከወሎ ነን። ለብቻው ልክፈተው ወይስ እዚሁ ልጻፍ?

አባ መዝገብ፦
እዚሁ ጻፍ ልጄ፣ አቦቦንም አውቀዋለሁ።

የደሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ ደግሞ እዚያም በፈቃድ ነበር ሊሉን ነው?