ሲመረቅን ደግ፣ ሲነጋ ባዕድ፤ ወንድሜ የትኛው ነው?

ጠያቂ (ዓሣ ነጋዴ፣ ባሕር ዳር)
ታላቅ ወንድሜ ጫት ይቅማል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲመረቅን እንደ እሱ ያለ ሰው በጣና ዳር አይገኝም። ዓሣ ከምበልትበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሟች አባታችን እያወራ ያለቅሳል፤ «የልጅሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ለእኔ ተዪው» ይለኛል። ማታ ለጨብሲ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ይገባል። ጠዋት «እንዴት አደርክ ጋሼ» ስለው ግድግዳውን ያያል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሳፋ ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ከእጄ አምልጦ ሲበተን፣ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ደግነቱ የእሱ ነው የቅጠሉ?

መልስ (ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ)
እህቴ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው የደስታና የመነቃቃት ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠው። አንደበት ይፈታል፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ይመስላል። ኃይሉ ሲያልቅ ድብርት ይከተላል፤ የጠዋቱ ፊት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ደግሞ ሰውን መውደድ ሌላ፣ የሰውን ስሜት ማንበብ ሌላ። ኤክስታሲ የሚባለው ዕፅ ኦክሲቶሲን የተባለውን የመቀራረብ ሆርሞን ከፍ አድርጎ ሰውን ፍቅር በፍቅር ያደርገዋል፤ በሙከራ ሲታይ ግን የወሰዱት ሰዎች ከሌላው ፊት ላይ ፍርሃትን መለየት ከብዷቸዋል። የራስ ምታት ክኒን እንኳን ንጹሕ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የዋጡ ሰዎች ለሌላው ሕመም ያላቸው ርኅራኄ ቀንሶ አግኝቷል።

መልስ (የቀድሞ ቃሚ)
አሥራ አንድ ዓመት ቅሜአለሁ። ወዳጄ «እናቴን ቀበርኩ» ሲለኝ አቅፌው አለቀስኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ስለምሠራው ባለ አራት ፎቅ ሆቴል እያስረዳሁት ነበር። ልቅሶዬ የውሸት አልነበረም። ግን የት እንደቀበራት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትማ። ያንኑ አንድ ገንዘብም ለሦስት ሰው ቃል ገብቻለሁ። የክፍያውን ነገር ቁርስ ከበላ በኋላ፣ ሐራራው ሳይነሣበት አንሺበት።

ጠያቂ
ክፍያውን እኔው ከፍያለሁ፣ እሱን ተዉት። እኔን ያስደነገጠኝ የፓራሲታሞሉ ነገር ነው። ዓሣ ተሸክሜ በምመጣበት ቀን ሁሉ ባለ 500ውን ሁለት ፍሬ እውጣለሁ። ቆሮሶው የተበተነ ዕለትም ውጬ ነበር። እግሩን ለምን ዘርግቶ እንደተቀመጠ አልጠየቅኩትም።