ዘንድሮ ካነበባችኋቸው የወጣቶች ልብ ወለዶች የቱን ወደዳችሁ? የቱንስ ወረወራችሁ?

ገጽ_አጣፊዋ፦

ሰላም አንባቢዎች። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ እኔም እንደ ልማዴ ያነበብኩትን እየቆጠርኩ ነው። ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ በተለየ ያንግ አደልት የሚባለው ላይ ተጥጄ ነው የከረምኩት። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተጻፈ ነው፣ ተዉኝ። ደግሞ የዓመቱ ስል እኔ ዘንድሮ ያነበብኩትን ማለቴ ነው እንጂ ዘንድሮ የታተመውን አይደለም። አዲስ የወጣ ሁሉ ከኋላው የምሮጥ ሰው አይደለሁም።

በጣም የወደድኩት የጄሰን ሬይኖልድስን «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ እኔ ዘግይቼ ደረስኩበት። ዊል የሚባል የ15 ዓመት ልጅ አለ፣ ታላቅ ወንድሙ ተተኩሶበት ይሞታል። ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ሕጎች አሉ፦ አታልቅስ፣ አትጠቁም፣ ተበቀል። ልጁ ከወንድሙ መሳቢያ ሽጉጥ ያወጣል፣ ወገቡ ላይ ይሸጉጣል፣ ከስምንተኛ ፎቅ ሊፍት ውስጥ ይገባል። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ ያ ሊፍት ምድር ቤት እስኪደርስ ያለችው አንድ ደቂቃ ናት። በየፎቁ በሩ ይከፈትና አንድ ሰው ይገባል፣ ጉዱ ግን የሚገቡት ሁሉ የሞቱ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሚገባው ሽጉጡን ለወንድሙ የሰጠው ሰውዬ ነው። እኔ አሁን ምክር ሊጀምር ነው ብዬ ነበር። አይጀምርም። ወሬው ስለ ሽጉጡ ነው፣ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም፣ ጥይቱ ስንት ነው። ሲቆጠር አንድ ጎድሏል። እዚያ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ጣራ ጣራ ሳይ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ያቺ የጎደለች አንዲት ጥይት ስለ ወንድሙ የምትናገረውን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

አጻጻፉ ግጥም ነው፣ ቤት የሚመታ ግን አይደለም። አንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ቃል በጣት ይቆጠራል። ከ300 ገጽ በላይ ሆኖ በአንድ ቁጭታ አለቀልኝ።

ልቤን የሰበረው ደግሞ የቬሮኒካ ሮት «አሊጀንት» ነው፣ የ«ዳይቨርጀንት» ሦስተኛ ቅጽ፣ የ2013። የመጀመሪያውን በሁለት ሌሊት ነው የበላሁት። ሁለቱ ቅጾች ላይ የምትተርክልን ትሪስ ብቻ ናት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዴ እሷ፣ አንዴ ቶቢያስ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፣ ችግሩ ሁለቱም በአንድ አፍ ነው የሚያወሩት። ምዕራፍ መሃል ላይ «እኔ» የሚለው ማን እንደሆነ ይጠፋብኝና የምዕራፉን ራስ ለማየት ወደ ኋላ እገልጣለሁ፣ ስሙን አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ከሦስት ገጽ በኋላ እንደገና ጠፋብኝ። ብዙ ሰው የተናደደው በመጨረሻው ነው። እኔ ግን ከመጨረሻው በፊት ነው የተቆራረጥነው።

የናንተስ? አንድ የወደዳችሁት፣ አንድ የጠላችሁት፣ ከነምክንያቱ። «አሪፍ ነው» ብሎ መሄድ የለም።


ሌሊት_አንባቢ፦

በ«አሊጀንት» ግማሹን እስማማለሁ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ እውነትሽን ነው። ግን ለምን ሁለት ተራኪ እንዳስፈለጋት መጨረሻው ላይ ይገባሻል፣ በአንድ ተራኪ ያ መጨረሻ አይጻፍም ነበር። ከዚህ በላይ ብናገር ያላነበበው ይሰድበኛል።

የኔ የወደድኩትም የጠላሁትም አንድ መጽሐፍ ነው ብል ታምኚኛለሽ? የሱዛን ኮሊንስ «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ»። በ2025 ነው የወጣው። «ዘ ሃንገር ጌምስ»ን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ሄይሚች፣ ያ ሰካራም አሠልጣኝ፣ ልጅ እያለ የተወዳደረበት 50ኛው ዙር ነው ታሪኩ። ውድድሩ ከየወረዳው የተወሰዱ ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር የሚገዳደሉበት ነው። በዚያ ዙር ከየወረዳው እንደ ወትሮው ሁለት ልጅ አይወሰድም፣ አራት ነው። 24 የነበረው 48 ሆነ ማለት ነው።

እና ሄይሚች እንደሚያሸንፍ ከመነሻው ታውቂያለሽ። በሕይወት ካልኖረማ በ2008ቱ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ማን ነው ሰክሮ ከመድረክ የወደቀው? እኔ ይሄ ያሰለቸኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ማሸነፉን ስለማውቅ ዓይኔ እሱ ላይ አልነበረም፣ ከጎኑ ያሉት ላይ ነበር። አንዷ ልጅ ስትስቅ «ወይኔ» እላለሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ ሲያረጅ አጠገቡ ማንም እንደሌለ ቀድሜ አውቃለሁ። አዲስ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አልፈራም ነበር።

የጠላሁት ደግሞ፦ በር በተከፈተ ቁጥር ከቀድሞዎቹ መጽሐፎች የምናውቀው ሰው ይገባል። ማግስ አለች፣ ዋይረስ አለች፣ ቢቲ አለ፣ ኤፊ አለች፣ ፕሉታርክ አለ። የዘመድ ሠርግ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ትልቅ አገር ነው ብላ ስትነግረን ኖራ አሁን ሁሉም የሚተዋወቅበት ሰፈር አደረገችው።


ሁለት_መነጽር፦

ከሁላችሁም በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም፣ ስለዚህ ልጆቼ ብላችሁ ቅር አይበላችሁ። የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሁለታችንም አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቅጂ፣ ሁለት ምልክት ነው የምናነበው፤ የእሷ ምልክት ቀይ ክር ነው፣ የኔ ያገኘሁት ወረቀት። ሁልጊዜ ቀድማኝ ነው የምትሄደው። ማታ መጽሐፉን ሳነሣ ቀዩ ክር ከኔ 60 ገጽ ቀድሞ ነው የማገኘው።

ዘንድሮ የወደድነው የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ» ነው፣ የ1999። ሜሊንዳ የምትባል ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ ናት። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሆነ ግብዣ ላይ ፖሊስ ጠርታለች፣ በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጠልቷታል። ለምን እንደጠራች ግን ለማንም አልተናገረችም። ጭራሽ መናገር ራሱን እየተወች ነው።

የሥዕል ክፍሉ ነው እኔን የያዘኝ። መምህሩ የተሰበረ የዓለም ሉል ይዞ ይዞራል፣ ሁሉም እጁን ከቶ ቁራጭ ወረቀት ያወጣል፣ የወጣለትን ነገር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ለእሷ «ዛፍ» ይወጣላታል። ይሄማ ቀላል ነው፣ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ የምሥለው ነው ብላ ሌላ ልታወጣ ስትል አይሆንም ይላታል። ከዚያማ ያ ቀላል የተባለ ዛፍ አልሳል ይላታል። ትሞክራለች፣ ሞቶ ይወጣል። እንደገና ትሞክራለች። ደራሲዋ ልጅቷ ውስጧ ምን እንደሚመስል በቃል ሳትነግረን በዛፉ አሳየችን።

ስለዚህ መጽሐፍ ማስጠንቀቅ አለብኝ። በልጅቷ ላይ የደረሰው መደፈር ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም፣ ትንሽ ልጅ ያለው ወላጅ ለብቻዋ ባይሰጣት ይሻላል። አንድ ማታ መጽሐፉን ሳነሣ ቀዩ ክር ከኔ አምስት ገጽ ብቻ ነው የቀደመው። በማግስቱም እዚያው ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ልጄ እስክደርስባት እየጠበቀችኝ ነበር።

የጠላነውን ስሙን አልጠራም፣ ጀማሪ ደራሲ ነው፣ ይማርበታል። ምክር ነው የበዛበት። አያት ይመክራል፣ አስተማሪ ይመክራል፣ ሹፌር ሳይቀር ይመክራል። ልጄ አዋቂ በመከረ ቁጥር ጠርዙ ላይ በእርሳስ «እሺ» ትጽፋለች። ሲያልቅ ቆጠርነው፣ 31 «እሺ»።


ጆሮ_ብቻ፦

31 እሺ 😂😂 ልጅዎን ለሂስ ሥራ ቅጠሯት።

እኔ ጊዜ ስለሌለኝ በኦዲዮ ነው የምጨርሰው። ይቆጠራል? ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ የማርከስ ዙሳክ «ዘ ቡክ ቲፍ» የወጣቶች ነው የአዋቂ? ጓደኛዬ የአዋቂ ነው ብሎ ሊገድለኝ ነው።


ገጽ_አጣፊዋ፦

@ጆሮ_ብቻ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ በ2005 ሲወጣ ለአዋቂ ተብሎ ነው፣ በ2006 አሜሪካ ሲገባ የወጣቶች ተብሎ ወጣ። ታሪኩ ያው ነው። የተቀየረው የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው። ኦዲዮ ይቆጠራል፣ ማነው አይቆጠርም ያለህ?

@ሌሊት_አንባቢ ያልከው ነገር «ዘ ቡክ ቲፍ» ላይም አለ እኮ። ተራኪው ሞት ራሱ ነው፣ እና ገና ወደ መሃል ሳንደርስ የማን ነፍስ እንደሚወስድ ቁጭ አድርጎ ይነግረናል። እኔም ተናድጄ ነበር፣ ምን ዓይነት ተራኪ ነው ስፖይለር የሚሰጠው ብዬ። በኋላ ግን ያ ልጅ ብቅ ባለ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ስለ ሄይሚችም አሳመንከኝ፣ አነባለሁ። ስለ «አሊጀንት» ግን አላሳመንከኝም። መጨረሻው ሁለት ተራኪ ካስፈለገው ሁለት ድምፅ ነበር የሚያስፈልገው።

@ሁለት_መነጽር ስለ ቀዩ ክር የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።


ጨው_የበዛበት፦

ማንም ደፍሮ ያላለውን ልበል። ችግሩ እናንተ ናችሁ። አዎ፣ አንቺም የሠላሳ ዓመቷ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የወጣቶች ክፍል ከ12 እስከ 18 ዓመት ነው የሚለው። አሁን አሁን ግን ገጸ ባሕርይዋ 17 ዓመቷ ነው ይባልና ስታወራ የሦስት ልጅ እናት ትመስላለች። ለምን? ደራሲውም አሳታሚውም ገዢው ማን እንደሆነ ስላወቁ ነው። የዘንድሮ የጠላሁት አንድ መጽሐፍ አይደለም፣ ዓይነቱ ነው። 600 ገጽ፣ ሽፋኑ ላይ አክሊልና ሰይፍ፣ መሃል ላይ የሚጠላትና የሚወዳት አንድ ልዑል። ሦስቱን ጀመርኩ፣ ሦስቱንም ተውኩ፣ አሁን የትኛው ልዑል የየትኛው መጽሐፍ እንደነበር መለየት አልችልም።

የወደድኩት አሮጌውን፣ «ዚ አውትሳይደርስ»። ኤስ. ኢ. ሂንተን ስትጀምረው 15 ዓመቷ ነበር፣ በ1967 ሲታተም 18። ስሟን በምህጻር ያደረጉት ወንድ ሐያስያን የሴት ልጅ ጽሑፍ ነው ብለው እንዳይንቁት ነው። ተራኪው ፖኒቦይ 14 ዓመቱ ነው፣ እና የ14 ዓመት ልጅ ነው የሚመስለው። ሰው ሲሞት አይፈላሰፍም፣ ግራ ይጋባል፣ አልሞተም እያለ ራሱን ያታልላል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ገጽ ተመልሳችሁ እዩት። ሌላ አልልም።


ገጽ_አጣፊዋ፦

ሠላሳ አለፈ አልኩ እንጂ ሠላሳ ነው አላልኩም፣ እሱን አርም 😄 ስለ ልዑሎቹ ግን እውነትህን ነው፣ እኔም አንዱን ይዤ ገጽ 200 ላይ ተኝቻለሁ። ግን ጥፋቱን እኔ ላይ አትከምር። ሬይኖልድስን ያነበብኩት እኮ እኔው ነኝ፣ ዊል ደግሞ አንድም ቦታ ላይ እንደኔ አላወራም።


ሁለት_መነጽር፦

ጨው የበዛበት፣ ልጄን ጠየቅኳት። «አዋቂዎች ቢያነቡት ምን ችግር አለው፣ የሚጽፉልን ጊዜ ብቻ እነሱን አያስቡ» አለች። ፖኒቦይን ነገ እንጀምራለን።


ጆሮ_ብቻ፦

ሊፍቱን ጀመርኩት። ኦዲዮውን የሚያነበው ደራሲው ራሱ ነው፣ ሙሉው ሁለት ሰዓት አይሞላም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። እስክወርድ ድረስ እዚህ ማንም ምንም እንዳይጽፍ።