ስፓኒሽ ላይ «አብሪያ» እና «ኡቢየራ» ተምታተውብኛል፣ መቼ የቱ ነው የሚባለው?

ቃል_ለቃሚ፦
ሰላም ጓዶች፣ ስፓኒሽ የምትችሉ እስቲ አንዴ አግዙኝ። ኮንዲሽናል ፐርፌክት ላይ፣ ማለትም «እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር» የሚባልበት የግስ ቅርፅ ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። አሰራሩ ራሱ አልከበደኝም፣ አብሪያን ታመጣለህ ከኋላው ፓርቲሲፕሉን (እንደ «ሳሊዶ» ያለውን የማይረባውን የግስ ቅርፅ) ትቀጥላለህ አለቀ፣ «አብሪያ ሳሊዶ» እወጣ ነበር፣ «አብሪያሞስ ሳሊዶ» እንወጣ ነበር። ግራ ያጋባኝ «ሲ» («ከሆነ»፣ «ቢሆን» ማለት ነው) ያለበት አረፍተ ነገር ነው። መፅሀፉ «ሲ ኡቢየራ ኤስቱዲያዶ፣ አብሪያ አፕሮባዶ» ይላል፣ ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር ማለት ነው፣ እሺ። ድራማ ላይ ግን ሰዎቹ ሁለቱም ጋ ኡቢየራ ሲሉ ነው የምሰማው፣ «ሲ ኡቢየራ ኤስቱዲያዶ፣ ኡቢየራ አፕሮባዶ»። እንደዛ ከተቻለ እኔ ሁለቱም ጋ አብሪያ ብልስ ምን ችግር አለው? ደግሞስ «አልፍ ነበር» እስከሆነ ድረስ ለምን ተራውን ያለፈ ጊዜ አልጠቀምም፣ ነበር ነበር ነው አይደል እንዴ 😅

የግስ_ወዳጅ፦
አብሪያ ሁለቱም ጋ አይሆንም። ልውውጡ ባንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰራው፣ ኡቢየራ የአብሪያን ቦታ መውሰድ ይችላል፣ አብሪያ ግን የኡቢየራን ቦታ አይወስድም። ስለዚህ ድራማው ላይ የሰማሽው ልክ ነው፣ የቋንቋውን ደንብ የሚያወጣው የስፔን ሮያል አካዳሚም ይቀበለዋል፣ «ሲ አብሪያ» ካልሽ ግን ፈተና ላይ ያለጥርጥር ይሰረዝብሻል። ሰሜን ስፔን አካባቢ፣ ባስክና ናቫራ በተለይ፣ ሰዉ በንግግር «ሲ አብሪያ» ይላል፣ ብትሰሚው እንዳትደነግጪ፣ ግን አትልመጂው።

ስለ «ነበር» ያነሳሽው ነገር ነው ዋናው፣ ምክንያቱም እኛን የሚያምታታን አማርኛችን ነው። «እወጣ ነበር» ስንል ሁለት ነገር ይሆናል፣ አንደኛው ድሮ የመውጣት ልማድ ነበረኝ፣ እሱ በስፓኒሽ «ሳሊያ» ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባይዘንብ ኖሮ እወጣ ነበር፣ ማለትም አልወጣሁም፣ ይሄ ነው «አብሪያ ሳሊዶ»። እኛ «ኖሮ»ን ሰምተን እንለያለን፣ እነሱ ግሱን ራሱን ይቀይሩታል።

ሌላም አለ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» ብልሽ ስለ አሁን ነው ስለ ያኔ? አታውቂም፣ «አሁን» ወይ «ያኔ» የሚል ቃል ካልጨመርኩልሽ። ስፓኒሽ ላይ እንደዛ ተድበስብሶ አይታለፍም። ስለ አሁን ከሆነ «ሲ ቱቢየራ ዲኔሮ፣ ሎ ኮምፕራሪያ»፣ ያለፈ ያበቃለት ነገር ከሆነ «ሲ ኡቢየራ ቴኒዶ ዲኔሮ፣ ሎ አብሪያ ኮምፕራዶ»። ስለዚህ ከአማርኛ ስትመልሺ መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፣ ጊዜው አልፏል ወይስ ገና ነው? ካለፈ አብሪያ፣ ካላለፈ ባለ አንድ ቃሉ ኮንዲሽናል። መቀላቀልም ይቻላል፣ «ሲ ኡቢየራ ኤስቱዲያዶ፣ አኦራ ቴንድሪያ ትራባኾ»፣ ያኔ ባጠና ኖሮ አሁን ስራ ይኖረኝ ነበር፣ ጥፋቱ ድሮ መዘዙ ዛሬ።

ሰዋስው_በማታ፦
ከላይ የተባለው በቂ ነው፣ እኔ ስለ አሰራሩ ልጨምር ምክንያቱም ቀላል ነው ተብሎ ሲታለፍ እዛው ነው ስህተቱ የሚበዛው። ስድስቱ፦ አብሪያ፣ አብሪያስ፣ አብሪያ፣ አብሪያሞስ፣ አብሪያይስ፣ አብሪያን። አምስተኛው የስፔኖች «እናንተ» ነው፣ ላቲን አሜሪካ ላይ አትሰሚውም፣ እዛ ለእናንተም አብሪያን ነው። የእኔና የእሷ አንድ አይነት ስለሆነ ካምታታ «ዮ» ወይ «ኤያ» ብለሽ ከፊት አስገቢ። ስትፅፊ ደግሞ ከፊት ያለችውን አትነበቤ ኤች እንዳትረሺ፣ «ኢ» ላይ ያለችው አክሰንትም በስድስቱም ላይ አለች።

ፓርቲሲፕሉ በፆታም በቁጥርም አይለወጥም። «ኤያ አብሪያ ቤኒዳ» የሚል አይቻለሁ፣ የለም፣ ሴትም ወንድም ብዙም ሆኑ «ቤኒዶ» ነው። ከአቤር (የአብሪያ መነሻ ግስ) ጋር እስካለ ድረስ ንክች አይልም። አፈንጋጮቹን ግን በቃል መያዝ ነው ሌላ መድሀኒት የለውም፣ ኤቾ፣ ዲቾ፣ ቢስቶ፣ ፑዌስቶ፣ ኤስክሪቶ፣ አቢየርቶ፣ ሮቶ፣ ቡዌልቶ፣ ሙዌርቶ። «ሎ»፣ «ሜ»፣ «ቴ» የሚባሉት ትንንሾቹ ደግሞ ሁልጊዜ ከአብሪያ ፊት ናቸው፣ «ሎ አብሪያ ኤቾ» እንጂ መሀል ገብተው «አብሪያ ሎ ኤቾ» አይባልም፣ ሁለቱ መሀል ምንም ነገር ባታስገቢ ይሻልሻል።

አንድ ሰው ሳይጠይቅ ልመልስ 😂 «መሄድ ነበረብኝ» አብሪያ ኢዶ አይደለም። እሱ «ዴቤሪያ አቤር ኢዶ» ነው፣ ወይ «ቴንድሪያ ኬ አቤር ኢዶ»። አብሪያ ኢዶ ማለት እሄድ ነበር ነው፣ ግዴታ የለበትም።

ጋዜጣ_አንባቢ፦
ሁላችሁም «ሲ» ላይ ብቻ ናችሁ፣ ያለ «ሲ»ም እኮ በየቦታው ይመጣል። ዜና ላይ «ኤል ሚኒስትሮ አብሪያ ሬኑንሲያዶ» ብታነቢ «ሚኒስትሩ ይለቁ ነበር» ብለሽ እንዳትተረጉሚው፣ ለቀዋል ተብሏል ነው፣ ጋዜጠኛው አላረጋገጥኩም እያለሽ ነው። የጋዜጣ አፃፃፍ መመሪያዎች ብዙም አይወዱትም፣ ግን ሞልቷል። ለግምትም ይሆናል፣ «ኖ ኮንቴስታባ፣ ሴ አብሪያ ዶርሚዶ»፣ ስልክ አያነሳም ነበር፣ ተኝቶ ይሆናል። ደግሞ የሰው ወሬ ስትነግሪ «ዲኾ ኬ ፓራ ኤል ሉኔስ አብሪያ ቴርሚናዶ»፣ እስከ ሰኞ እጨርሳለሁ ብሏል፣ እዚህ ጋ ጨርሶም ሊሆን ይችላል ሳይጨርስም፣ አልሆነም የሚል ነገር የለበትም።

«ሲ»ን ጭራሽ መዝለልም አለ፣ «ዴ አቤርሎ ሳቢዶ፣ ኖ አብሪያ ቤኒዶ»፣ ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር። «ሎ» እዚህ ጋ ከኋላ የተለጠፈችው አቤር ሳይረባ ስለመጣ ነው። ስፔኖች ሲናደዱማ ይህን ሁሉ ሰዋስው ገደል ከተው «ሲ ሎ ሴ፣ ኖ ቤንጎ» ይሉሻል፣ ሁለቱም ግስ የአሁን ጊዜ ሆኖ ትርጉሙ ያው ነው። በፅሁፍ ግን አትሞክሪው።

ቃል_ለቃሚ፦
ውይ እግዜር ይስጣችሁ፣ የሳሊያና የአብሪያ ሳሊዶ ልዩነት አሁን ገባኝ። እስቲ ይቺን እዩልኝ፣ «ብትነግረኝ ኖሮ እጠብቅህ ነበር» ለማለት «ሲ ሜ ሎ ኡቢየራስ ዲቾ፣ ቴ አብሪያ ኤስፔራዶ» ብዬ ፃፍኩ። ኡቢየሴ የሚባለውስ ሌላ ነገር ነው?

የግስ_ወዳጅ፦
ልክ ነው፣ «ሜ ሎ» ቅደም ተከተሉም አልተዛባም። ኡቢየሴ የኡቢየራ መንትያ ነው፣ «ሲ ሜ ሎ ኡቢየሴስ ዲቾ» ብትዪ ትርጉሙ አይቀየርም፣ በንግግር ኡቢየራ ይበዛል እንጂ። ውጤቱ ጋ ስትደርሺ ግን አብሪያ ወይ ኡቢየራ በዪ፣ ኡቢየሴን እዛ አትመከሪም። አሉታ ስታደርጊው «ኖ» ከሁሉም ፊት ትገባለች፣ «ኖ ቴ አብሪያ ኤስፔራዶ»፣ አልጠብቅህም ነበር።