ስልኩ ኪስ ሲገባ ቢከኑ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ጎንደር ፋሲል ግቢ ለሚጎበኙ ሰዎች የሚሆን አፕ እየሞከርኩ ነው፤ 6 የብሉቱዝ ቢከኖች (ስልክ የሚያነበውን መለያ ምልክት የሚልኩ ትንንሽ መሣሪያዎች)፣ በየ300 ሚሊሰከንዱ የሚልኩ። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ሁሉም ይታያሉ። ሲጠፋ ግን አንድሮይድ 13 ላይ ዝም ይላል።

ማጣሪያ የሌለው ስካን (ስልኩ ቢከን የሚፈልግበት ሥራ) ስክሪን ሲጠፋ እንደሚቆም ስለማውቅ በዩዩአይዲ (በቢከኖቹ መለያ ቁጥር) ማጣሪያ አስገብቻለሁ። የቦታ ፈቃዱ «ሁልጊዜ» ላይ ነው፤ ፎርግራውንድ ሰርቪስም (ማሳወቂያ እያሳየ አፑን ከበስተጀርባ የሚያሠራው) አለ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስካኑን ከ5 ጊዜ በላይ አላስጀምርም (ይቺ ብዙ ሰው ትሸውዳለች፣ ስካኑ የጀመረ መስሎ ምንም አይመጣም)። የቀረኝ የስልኩ ባትሪ ቁጠባ ይሆን?

ሌላው፣ ግንቡ ድረስ ሳልመላለስ ቢሮ ሆኜ ወደ ቢከኑ ክልል መግባትና ከዚያ መውጣትን እንዴት ላስመስል? ቢከኑን በፎይል ስጠቀልለው ምልክቱ ከ-65 ወደ -90 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ይወርዳል፤ እጥፉ ትንሽ ሲላላ ግን ተመልሶ ይዘላል።