ውሃ እያለ የማይጠጣበት የስፌት አዳራሽ

ጥያቄ (ሰው ኃይል፣ ገላን)
ሰላም ለሁላችሁ። 200 ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ልብስ ይሰፋሉ፣ ይተኩሳሉ። ከሰዓት በኋላ ራስ ምታትና ማዞር፣ በየሳምንቱ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚል የሐኪም ወረቀት በዝቷል። የመጠጥ ውሃ አቅርበናል፤ የሚጠጣው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ (የፋብሪካ ነርስ)
ከመጸዳጃ ቤቱ ይጀምሩ። ወደ መጸዳጃ ቤት ለመውጣት የፈቃድ ካርድ የምትጠብቅ፣ ስትመለስም የተቆለለ ሥራ የሚጠብቃት ሴት ውሃውን ሆን ብላ ትተወዋለች። ሽንት ሲያዝ ባክቴሪያው ለመራባት ጊዜ ያገኛል። ካርዱን አንሡትና በየመስመሩ ሁሉንም ማሽን የምትችል ተተኪ መድቡ፤ የወጣችውን ቦታ እሷ ትያዝ። ሱፐርቫይዘሩ ኮታ ለመሙላት ተተኪዋን ከወሰዳት ግን ነገሩ ይፈርሳል፤ ብዙ ቦታ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የሚቆለፍ በር፣ ሳሙናና የሞዴስ መጣያ ይኑረው።

በፈረቃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ብታስቡ 400 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚበቃው ለ10 ሰው ብቻ ነው። ካውያ ላይ ያለች ሴት ግን ከዚህ የበለጠ፣ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ያስፈልጋታል። ትኩሳትና የጎን ሕመም ያላትን ግን «ውሃ ጠጪ» ብላችሁ አታቆዩ፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ።

መልስ (ጥገና ክፍል)
ገላን ነፋሻ ነው ብሎ መዘናጋት ልማድ ነው፤ ቆርቆሮውና የካውያው እንፋሎት ግን ለነፋሱ ቦታ አይሰጡም። ጣሪያ ላይ ማስወጫ ብቻ ብትሠሩ አየሩ አይንቀሳቀስም፤ በግድግዳው ግርጌ መግቢያም ክፈቱ። የእንፋሎት ቧንቧዎቹን ሸፍኑ። አዲስ ሰው መተኮሻ ላይ በመጀመሪያው ቀን ከፈረቃው 20 በመቶውን ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመረ በአምስተኛው ቀን ሙሉ ይግባ።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትስ?

መልስ (የፋብሪካ ነርስ)
ጾሙን ሳይሆን ሥራውን አዛውሩ። መተኮሱ ጠዋት ይጠናቀቅ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው የሚሠሩትን፣ ክር መቁረጥና ቁልፍ መትከልን፣ ስጧቸው። ለሚጾሙት የምሳ ዕረፍቱ 9 ሰዓት ይሁን። ሻይና ቡና ከምግቡ ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ስለሚቀንሱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ፤ ደም ማነስ ላለባት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ (ሠራተኛ ማኅበር)
ሳይቀሩ ለሚገኙ የሚከፈለውን የመገኘት ጉርሻም እዩት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በ50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። ደመወዙ ባይነካም የመገኘት ጉርሻው በአንድ ቀን መቅረት የሚቆረጥ ከሆነ ሰው እያተኮሰው፣ ከ2 ሳምንት በላይ እያሳለውም ይገባል። የሐኪም ወረቀት ላመጣ ጉርሻው እንደማይቆረጥ በጽሑፍ አውጡና አዳራሹ በር ላይ ለጥፉት።