ቡናችንን በእሸቱ መሸጥ ይብቃን ወይ? አድርቆ መሸጥ ያዋጣል?

የአለታ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡና የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አንብቡልኝና የሚመስላችሁን ንገሩኝ።

አባቴ አለታ ወንዶ አካባቢ ግማሽ ሄክታር ገደማ ቡና አለው። እኔ ሐዋሳ ነው የምሠራው፣ ለቀማ ሲደርስ ግን ፈቃድ እየወሰድኩ እሄዳለሁ። አምና ኅዳር ላይ ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ከማለዳ ጀምረን ለቅመን፣ ሁለት ጆንያ ቀይ እሸት በአህያ ጭነን እሸት የሚገዛው ሰብሳቢ ጋ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሰልፍ አለ። ሚዛኑ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፣ ቁጥሩን በስልክ መብራት ነው የሚያነቡት። እናቴ ጆንያ ስትሸከም የኖረች ሴት ናት፣ ክብደት አትስትም። "ይሄኛው እኮ ከሃምሳ አያንስም" አለች። ሚዛኑ 43 አለ። አባቴ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ብሩን ተቀበለ። ምን ያድርግ? እሸት አያድርም። ይዘን ብንመለስ በማግስቱ መፍላት ይጀምራል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ያ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ዘንድሮ ራሳችን አድርቀን በጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ብንሸጥስ? አባቴ ድሮ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነበር፣ ክፍያ ሲዘገይበት ተወው። ሕጉ ስለተሻሻለ ገበሬ ራሱ ወደ ውጭ መላክ ይችላል የሚሉኝም አሉ። ግራ ገብቶኛል።

የበንሳ_ጀንፈል፦
ወንድሜ፣ አባትህ ዝም ያሉት ወደው እንዳልሆነ ይገባኛል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥራ። 6 ኪሎ ቀይ እሸት ደርቆ 2 ኪሎ ግድም ጀንፈል ይሆናል፣ ተፈልፍሎ ደግሞ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና። ስለዚህ በእሸት የምትሸጥበትን ዋጋ በ3 አባዛና እዚያው አካባቢ ጀንፈል በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቅ። ልዩነቱ የእናንተ ጉልበት፣ የማድረቂያ አልጋውና የሦስት ሳምንት ትዕግሥት ዋጋ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አትልፋ። ትልቅ ከሆነ አልጋ ሥራ።

አልጋው ከባሕር ዛፍ እንጨት ይሠራል፣ ከላይ ቀርከሃ ወይም ሽቦ ወንፊት፣ ከፍታው እስከ ወገብ። መሬት ላይ እንዳታሰጣ! ቡና የአፈር ሽታ ይስባል፣ አንዴ ከያዘው አይለቅም። ከማስጣትህ በፊት እሸቱን ውኃ ውስጥ ጨምረው፣ የሚንሳፈፈውን ለብቻ አውጣ። አረንጓዴውንም ለቅመህ አውጣ። በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ አታፍስስ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ቶሎ ቶሎ አገላብጠው፣ ማታ ማታ ሸፍነው፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ሲከርርም ሸፍነው። መድረሱን ጆሮህ ይነግርሃል፤ አንዷን ፍሬ ጆሮህ ጋ አድርገህ ስትነቀንቃት ውስጧ ይንኳኳል። እርጥበቱ ግን በመሣሪያ ተለክቶ ከ12 በመቶ በታች መሆን አለበት። መሣሪያ ያለው ሰው ፈልግ።

በ2012 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ላይ የተካሄደውን ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለ የቡና ጥራት ውድድር ያሸነፈው የሲዳማ ቡና እንዲህ ከነልጣጩ የደረቀ ነው። በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ወጣለት። ሁሉም ሰው ያን ያገኛል እያልኩህ አይደለም። ግን ያ ገበሬም የጀመረው አልጋ ላይ ነው።

ከጅማ_ነኝ፦
ከላይ ያለው ወንድም ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ዘለለ። ብሩስ?

ገበሬው አድርቆ መሸጥ እንደሚሻል ጠፍቶት አይደለም በእሸት የሚሸጠው። ማታውኑ ብር ስለሚያስፈልገው ነው። ለቃሚ ይከፈላል፣ የልጅ ደብተር አለ፣ ዕዳ አለ። እኛ ሰፈር ቡናው ገና ዛፍ ላይ እያለ ክረምት ላይ ብር ወስዶ የሸጠ ጎረቤት አለኝ፣ ለቀማ ሲደርስ ለቅሞ ለሰው ማስረከብ ብቻ ነው። እዚህ ሰው ስለ አልጋ ብታወራው ምን ይጠቅመዋል?

አባቴ ከዓመታት በፊት ያለውን በሙሉ ለማድረቅ ሞከረ። ታኅሣሥ ላይ ያልጠበቅነው ዝናብ ሦስት ቀን መታው። መሸፈኛ ፕላስቲኩ አልበቃም። በአራተኛው ቀን ስንገልጠው ነጭ ሻጋታ ጥጥ መስሎ ወጥቶበት ነበር። እናቴ በእጇ እየለየች ስታለቅስ አይቻለሁ። የዚያን ዓመት እህቴ ትምህርት አቋረጠች።

ስለዚህ ምክሬ፣ ዘንድሮ ሢሶውን ብቻ አድርቅ። ቀሪውን በእሸቱ ሽጥና ለቃሚ ክፈልበት፣ ቤት ይደገፍበት። የቻልከውን ከሐዋሳ ደመወዝህ ላይ ለለቀማው ወር ብታስቀምጥ ደግሞ ከማንኛውም ስልጠና በላይ አባትህን የሚደግፈው እሱ ነው።

የሚዛኑን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርግ። ባዶ ጄሪካን ይዘህ ሂድና አስመዝን። ከዚያ በሊትር ጠርሙስ እየለካህ 20 ሊትር ውኃ ሙላበትና እንደገና አስመዝን። ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። 17 ካለ ሚዛኑ ይዋሻል። ብቻህን ሳይሆን ከአምስት ስድስት ጎረቤት ጋር፣ በቀን ብርሃን አድርገው።

የማኅበር_ሒሳብ፦
እኔ የአንድ መሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባትህ ለምን እንደወጡ ይገባኛል፣ ግን ከእኛ ወገን ያለውንም ስሙኝ።

ማኅበሩ እሸት የሚገዛው በብድር ነው። ብድሩ በጊዜ ካልተለቀቀ ለቀማው አይጠብቅም። ነጋዴው በር ላይ ጥሬ ብር ይዞ ይቆማል፣ እኛ ደብዳቤ ይዘን እንሯሯጣለን። አባሉም ለነጋዴው ይሸጣል፣ አልፈርድበትም። ማኅበሩ ግን የሚገባው ቡና ባነሰ ቁጥር መፈልፈያው ጾም ያድራል፣ ትርፍም አይኖርም።

ጥቅሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይያዝና ቀሪው ለአባላት የሚከፋፈል ነው፣ ያስገባኸው ኪሎ እየታየ። ነጋዴ ቡናህን ከወሰደ በኋላ ተመልሶ አይጨምርልህም። ግን አባትህ ከመመለሳቸው በፊት የጠቅላላ ጉባኤውን ሪፖርት ይጠይቁ፤ ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ ባለፉት ዓመታት ክፍፍል ተሰጥቷል ወይ፣ ለስንት ሰው? ይሄን ማየት የአባል መብት ነው። የሚደብቅ ማኅበር ከሆነ አይመለሱ።

ፍራንክፈርት_ቆይ፦
እኔ እዚህ ጀርመን አነስተኛ ቡና መቁያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ራስህ መላክ የምትለውን በተመለከተ፣ መንገዱ በ2009 ዓ.ም በወጣው የቡና አዋጅ ተከፍቷል፣ እውነት ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ቡና በምርት ገበያው በኩል ከሌላው ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ የማን ማሳ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ግን አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል። ግማሽ ሄክታር ጥሩ በሰጠበት ዓመት ምናልባት 5 ወይም 6 ጆንያ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ብቻህን አትሞላውም። ሃያ ሠላሳ ጎረቤት አንድ ዓይነት አደራረቅ ይዞ፣ በአንድ ላኪ በኩል ቢሄድ ግን ገዢ ይገኛል፣ እኛም እንዲህ ያለ ቡና ነው የምንፈልገው።

አሁኑኑ ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ተፈጻሚነቱ ተራዝሟል እንጂ አልቀረም። ገዢው ቡናው የበቀለበትን ቦታ ማሳየት ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ (ጂፒኤስ) ነጥብ ይበቃል። ስልክህን ይዘህ ማሳው መሃል ቁምና ካርታው ላይ የሚያሳይህን የቦታውን ቁጥር መዝግበው። ጎረቤቶቻችሁንም መዝግቡላቸው፣ በተለይ ስማርት ስልክ የሌላቸውን አዛውንቶች።

የአለታ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለአባቴ ደወልኩለት። ሢሶውን ብቻ የሚለውን ወደደው፣ ሙሉውን ብለው እሺ የሚለኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ አልጋ እንሠራለን፣ 5 ሜትር በ1 ሜትር ከግማሽ፣ አንድ ጊዜ 150 ኪሎ እሸት ይይዝልናል ማለት ነው። ስለ ማኅበሩ ሪፖርት ሳነሳበት ዝም አለ፣ ከዚያ "ለአጎትህ ልንገረውና አብረን እንጠይቃለን" አለኝ። አጎቴም በዚያው ዓመት ነው የወጣው።

ሐዋሳ ላይ ሽቦ ወንፊት በሜትር ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይዤ ልሄድ ነው።